የአጎቴ ጀልባና የሮቶ ፍሎተር

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሱቋን የያዝኳት ልክ ሠላሳ ሲሞላኝ ነው፤ ከያዝኳት ደግሞ ሦስተኛው ክረምት ነበር። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመሳለሚያ ወደ ገበያው ሽቅብ ስትሉ ከአንድ የቧንቧ ዕቃ መደብር ጎን የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ክፍል ናት። አምፖል፣ ሶኬት፣ ሽቦ፣ ብሬከርና ናስትሮ እሸጣለሁ። እጠግናለሁም።

ጥገናውን ማንም አላስተማረኝም። ሰው የተበላሸ ነገር ያመጣል፤ እከፍተዋለሁ፤ ሽቦዎቹ እንዴት እንደታሰሩ ወረቀት ላይ እስላለሁ፤ ከዚያ ፈትቼ መልሼ አስራለሁ። እስክለምደው የእናቴን ካውያ አቃጥዬአለሁ፣ ሁለት ሬዲዮም ገድዬአለሁ። ሦስተኛው ሬዲዮ ግን ዘፈነ። ከዚያ በኋላ ሰዉ እየተቀባበለ ይልክልኝ ጀመር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ማዳበሪያ ከረጢት በትከሻቸው አንግተው ከሱቄ ደጃፍ ቆሙ። የሚኖሩት ዝዋይ ነው። ሐይቁ ላይ ከከተማው ወደ ደሴቶቹ ሰውና ዕቃ የምታሻግር አንዲት አሮጌ የብረት ጀልባ አለቻቸው። እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ! ምነው ሳይደውሉ?»

«ስልኬ ሞቷል። ደግሞስ ብደውል 'በዚህ ዝናብ አይምጡ' ልትዪኝ አይደል?»

ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ሲያኖሩት ከበድ ያለ ድምፅ ሰጠ። የቧንቧ ነጋዴው ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ከመደብሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ አፉ ግን የሦስት ሰው ነው።

«አባባ፣ ምን ይዘውልን መጡ? ዶሮ ከሆነ በሕይወት ያለ አይመስልም።»

«የጀልባ ፓምፕ ነው» አሉ አጎቴ።

«የምን?»

«የጀልባ።»

ጎረቤቴ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «እንግዲህ አዲስ አበባ ልትሰምጥ ነው ማለት ነው። አዋቂዎቹ ከወዲሁ እየተዘጋጁ ነው።»

«ሳቅ አንተ! እኔ ግን ቤቴ ከተኛሁ ወር አልፎኛል» አሉ። ይህን ሲሉ ሳል ያዛቸው። ደረታቸውን ይዘው ረዥም ጊዜ ሳሉ። ጎረቤቴ ሳቁን ውጦ ወንበር አመጣላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የጀልባዋ ሞተር የሚያሽከረክረው ብረት በጭራዋ በኩል ወደ ውሃው በሚወጣበት ቀዳዳ ሐይቁ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ሁልጊዜም ነበር፤ ያረጁ ጀልባዎች ጠባይ ነው። የገባውን የሚያወጣው ከጀልባዋ ሆድ የተቀመጠ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ደግሞ የራሱ ማብሪያ አለው፤ ውሃው ከፍ ሲል አብሮ የሚነሳ ትንሽ ተንሳፋፊ ክንድ ነው። ሰው ሳይነካው ያበራል፣ ሲደርቅ ያጠፋል። ይህ ማብሪያ ክረምቱ መግቢያ ላይ በሰበሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አጎቴ ፍራሽ ይዘው ጀልባዋ ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ በየሁለት ሰዓቱ እየነቁ በጣሳ ይቀዳሉ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ከጣላቸው ጀልባዋ ጠዋት ከሐይቁ ሥር ናት። ዛሬም ጣሳውን ለአንድ የሐይቅ ዳር ልጅ አደራ ብለው ነው የመጡት።

«ሚስቴ ምን አለች መሰለሽ? 'ጀልባዋን ለብረት ሽጣት፣ አለዚያ ደረትህ ቀድሞ ይሸጥሃል።' ከዚህ ሳምንት ወዲያ አልጠብቅም ብላለች። ገዥም አምጥታለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ያንኑ ዓይነት ማብሪያ ፍለጋ ከአውቶቡስ ከወረዱ ጀምሮ የአሮጌ ዕቃውን ገበያ፣ ምናለሽ ተራን፣ ሲያካልሉ ነበር። አንዱ ምን እንዳላቸው ነገሩን፤ «'ጋሼ፣ ማብሪያው የለንም፣ ጀልባዋን ካመጧት ግን እንገዛለን!'» ራሳቸውም ሳቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ሬዲዮ አዘፍነሽ የለ? እስኪ ይህቺንም እያት።»

የበሰበሰውን ማብሪያ ከፈትኩት። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ሆኗል፤ በካቻቢቴ ስነካው እንደ ብስኩት ፈረሰ። እሱን ማዳን አይቻልም። ግን ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ምን ተሰቅሏል? የሮቶ ፍሎተር።

እዚህ ከተማ ለኖረ ሰው ፍሎተር ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤት ያለው ሁሉ ሮቶ አለው፣ ማለትም ጣሪያ ወይም ማማ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ። ፓምፑ ከታች ወደ ሮቶው ይገፋል። ፍሎተሩ ደግሞ የሎሚ ቅርጽ ያለው ቡጢ የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ በሽቦው ተንጠልጥሎ ሮቶው ውስጥ ይንሳፈፋል። ውሃው ሲጎድል ወደ ታች ይንጠለጠልና ፓምፑን ያስነሳል፤ ሲሞላ ይገለበጥና ያጠፋል። በክረምትም በበጋም ከአምፖል ቀጥሎ የምሸጠው እሱን ነው። ስንቱን በገዛ እጄ እንዳሰርኩ ቁጥሩን አላውቀውም።

«ጋሼ፣ የጀልባዋ ሆድ ምን ያህል ይጠልቃል?»

«እስከ ጉልበቴ።»

«በቂ ነው። ይኸኛው ይሆናል።»

ከፍሎተሩ የሚወጣው ሽቦ ውስጥ ሦስት ናቸው፤ ጥቁር፣ ሰማያዊና ቡናማ። ለሮቶ የምንፈልገው ጥቁሩንና ሰማያዊውን ነው። ቡናማው ትርፍ ነው። ሁላችንም ከላይኛው ጎማ እኩል አድርገን እንቆርጠውና በናስትሮ እንጠቀልለዋለን፣ እንዳይነካካ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ፒንሳዬ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ቆረጥኩ፣ ጠቀለልኩ። ጥቁሩን ከባትሪ ወደሚመጣው ቀይ ሽቦ፣ ሰማያዊውን ወደ ፓምፑ አሰርኩ። ዝዋይ ሲደርሱ እንዳይቸገሩ ብዬ ለባትሪው ሁለት ጫፍ ብቻ ተውኩላቸው፤ ቀይና ጥቁር።

ለመሞከሪያ የማኖራት አሮጌ የሞተር ሳይክል ባትሪ አለችኝ። አገናኘሁ። ፍሎተሩ ከባንኮኒው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ፓምፑ ወዲያው ዝዝዝ አለ።

«ሠራች!» አለ ጎረቤቴ።

«ቆይ፣ አላለቀም።» ፍሎተሩን በእጄ ሽቅብ አነሳሁት። ፓምፑ ጸጥ። «አዩ ጋሼ? ሲሞላ ያጠፋል።»

ጎረቤቴ አጨበጨበ። «ኢንጂነር!» አለኝ። አልፎ ሂያጅ አንድ ባለ ጋሪ ሳይቀር ቆም ብሎ «በርቺ» ብሎኝ አለፈ። አጎቴ ፓምፑን ትንሽ አዩት፤ ፍሎተሩንም አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝና ግንባሬን ሳሙኝ። «እመቤቴ ታኑርሽ» አሉ። ከረጢታቸውን አንግተው አማኑኤል እናቴ ቤት ምሳ ቀምሰው ወደ መናኸሪያ እንደሚሄዱ ነግረውኝ ሄዱ። እኔም ጉንጬ እስኪያመኝ ፈገግ እያልኩ ሽቦ ስጠቀልል ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ መጣች። ሮቶዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ከታች ካለችው ጎረቤቷ ጋር ተጣልታለች። «ልብሷ ላይ ፈሰሰባት! እኔ ምን ላድርግ? ፓምፑ አይሰማ!»

ፍሎተር አወረድኩላትና የሁልጊዜ ንግግሬን ጀመርኩ። «እዪው፣ ውሃው ሲጎድል እንዲህ ይንጠለጠላል፣ ያኔ ያስነሳል። ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ ይገለበጥና ያጠ...»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ሮቶ ውስጥ ውሃ የሚገባው በፓምፑ ነው። ከጀልባዋ ውስጥ ግን ፓምፑ ውሃ ማውጣት ነው ያለበት። እኔ ያሰርኩት ጀልባዋ ደረቅ ስትሆን የሚሠራ፣ ውሃ ሲሞላባት የሚያጠፋ ነው! አጎቴ ዛሬ ማታ መጀመሪያ ሆዷን በጣሳ ያደርቃሉ፣ ፓምፑን ያኖራሉ፣ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛሉ፤ ፓምፑ ዝዝዝ ይላል። ደስ ብሏቸው ፍራሻቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ይገባሉ። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛሉ። ፓምፑም ውሃው ከፍ እስኪል አየር ሲጠጣ ቆይቶ፣ ልክ ሲያስፈልግ ዝም ይላል።

«እትዬ፣ አመመሽ?» አለችኝ ደንበኛዬ።

ስልካቸውን ደወልኩ። ዝግ ነው። ሞቷል ብለውኝ የለ! ጎረቤቴን ጠራሁት፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። «እኛኮ አጨበጨብን» አለ።

«ሱቄን ያዝልኝ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። ለእሷም እኔ እሸጥላታለሁ፤ ለሮቶ ትክክል ነው አይደል?»

ፒንሳዬን፣ ቢላዬንና አንድ ጥቅል ናስትሮ ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። ከመሳለሚያ አማኑኤል በእግር ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ከመጠበቅ መሮጥ ይሻላል። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስወለቀኝ። ተሸካሚው «ወደ ጎን!» ይለኛል፣ እኔም እሱን «ወደ ጎን!» እለዋለሁ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቤ የምለው፤ ምሳው ይርዘም።

እናቴ ለሚወዱት ሰው ምሳ በማስረዘም የታወቀች ናት። ስደርስ አጎቴ ከበረንዳው አግዳሚ ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከረጢቱ ከእግራቸው ሥር ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሱቁን ለማን ጥለሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ለቧንቧው ሰውዬ።»

«ሰው አልጠፋ! ምን ሆነሽ ነው? ይሄ ጭቃ ምንድን ነው?»

አጎቴ በድምፃችን ነቁ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሮቶ መሙላት ስለለመድኩ እጄ ለመሙላት እንዳሰረው፣ ዛሬ ማታ ቢገጥሙት ጀልባዋ እንደምትሰምጥ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

አልተቆጡም። ተነስተው ተቀመጡና መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም ትንሽ ገርሞኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ፍሎተሩን ስታነሺው ሲያጠፋ፣ 'የድሮው እንዲህ ነበር እንዴ?' ብያለሁ በሆዴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ። እኔ የኤሌክትሪክ ነገር አላውቅም።»

ሃያ ዓመት ከዚያች ጀልባ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። እያንዳንዱን ጠብታዋን ያውቃሉ። እኔ ጀልባ በቅርብ አይቼ እንኳ አላውቅም። ግን እኔ እርግጠኛ ሆኜ ስለተናገርኩ እሳቸው ዝም አሉ። ጭብጨባው ውስጥ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኳቸውም። ከስህተቱ በላይ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። ዛሬ ሰው ፓምፕ ሲያመጣልኝ ቁጭ በል እለውና መጀመሪያ እሱ እንዲያስረዳኝ አደርጋለሁ፤ አንዳንዱ ሥራውን የማላውቅ መስሎት ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ይሂድ።

«ታዲያ ውሃ በሌለበት ምኑን ሊቀዳ ነበር?» አለች እናቴ። «እኔ እንኳ የገባኝን» ብላ ሳፋ ልታመጣ ገባች።

ፈታሁት። የሚያስፈልገኝ ያ ትርፍ ብዬ የቆረጥኩት ቡናማ ሽቦ ነበር፤ ከጥቁሩ ጋር ሲታሰር ውሃው ሲሞላ ያስነሳል፣ ሲጎድል ያጠፋል። ከጎማው እኩል ስለቆረጥኩት የሚያዝ ጫፍ የለውም። በቢላዬ የላይኛውን ጎማ አንድ ስንዝር ያህል ሰነጠቅኩ፣ ሦስቱንም እንዳልጎዳ እየተጠነቀቅኩ። አጎቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ሽቦውን ይዘውልኝ ነበር፤ እጃቸው ከሃያ ዓመት የገመድ ጉተታ የጠነከረ ነው። ቡናማው ብቅ ሲል በጥርሴ ልላጠው አልኩና እናቴ አየችኝ።

«በጥርስ አይሆንም!»

«እሺ እማዬ።»

በፒንሳ ላጥኩት። አሁን ጥቁርና ቡናማ። ሰማያዊውን ግን በዚህ ጊዜ አልቆረጥኩትም፤ አጥፌ ለብቻው ጠቀለልኩት።

የቀረው ባትሪ ነው። በግቢው ከኋላ ያለውን ክፍል የተከራየ የሚኒባስ ሹፌር ምሳውን በልቶ ሊወጣ ሲል እናቴ ያዘችው። «አምስት ደቂቃ ብቻ እትዬ፣ ተራዬ ያልፈኛል» እያለ የሚኒባሱን ባትሪ ፈትቶ በረንዳው ድረስ አመጣና፣ እጁን አጣምሮ ሊያይ ከፊት ቆመ።

ፓምፑን ሳፋው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ፍሎተሩን ከሳፋው እጀታ በአጭር አሰርኩት። ሳፋው ደረቅ ነው። ባትሪውን አገናኘሁ። ዝም።

«አልሠራም» አለ ሹፌሩ።

«መሥራት የለበትም» አሉ አጎቴ። እንዲህ ኮስተር ብለው ሲናገሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

ከሮቶው በጆግ እየቀዳሁ አፈሰስኩ። አንድ ጆግ፣ ሦስት፣ ስድስት። ፍሎተሩ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ጋደል አለ። ዝም። ሌላ ጆግ። ፍሎተሩ ድንገት ተገለበጠና ውስጡ ያለችው ኳስ ኳ አለች። ፓምፑ ተነሳ! የፓምፑን አፍ ወዴት እንዳዞርኩት አላየሁም ነበር፤ ውሃው በቀጥታ ሄዶ የሹፌሩን ሱሪ ከጉልበት በታች አራሰው።

«እትዬ! በዚህ ልብስ እኮ ነው ሰው የምጭነው!»

«ተባረክ፣ ይደርቃል» አለች እናቴ በሳቅ እየፈነዳች።

ሳፋው ሲጎድል ፍሎተሩ ወረደ፤ ፓምፑ ቆመ። ማንም ሳይነካው።

«ድገሚው» አሉ አጎቴ።

ደገምኩት። «አሁንም» አሉ። ሦስተኛው ላይ ጆጉን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ያፈሱ ጀመር፤ ቀስ እያሉ፣ ሐይቁ ጠብ ጠብ እንደሚል በቀጭኑ። ሲነሳ ያዳምጣሉ፣ ሲያቆም ያዳምጣሉ። ሹፌሩ ተራውን ረስቶ «ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩበት» እያለ ያግዛቸው ነበር። ስድስት ጊዜ ሳይሞክሩት አልቀሩም።

ከመሄዳቸው በፊት ይሄ የተሰነጠቀው ቦታ ውሃ እንዳይነካው ከላይ አስረው እንዲያንጠለጥሉት፣ ፍሎተሩ የሚገለበጥበት ቦታ ሌላ ነገር እንዳያግደው ነገርኳቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ «ጋሼ፣ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት ነው የሚሠራው?»

ጣታቸውን እያነሱና እያወረዱ አስረዱኝ። ልክ ነበሩ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ከረጢቱን ልያዝልዎ ብላቸው አልሰጡኝም፤ አውቶቡስ ውስጥም ጭናቸው ላይ ነው ያስቀመጡት።

የሆነውን የነገረችኝ ሚስታቸው ናት፣ በሳምንቱ በስልክ። አጎቴ ያን ማታ ዝዋይ ሲደርሱ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ሄዱ፤ ፓምፑን ገጠሙ፤ ሆኖም ወደ ቤት አልተመለሱም። ጣሳውን አጠገባቸው አኑረው እዚያው ጀልባዋ ውስጥ አደሩ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ሚስታቸው ተቆጥታ ስትሄድባቸው «አምኜዋለሁ፤ ግን ሲነሳ ልስማው» አሏት። በአራተኛው ቀን ለብረቱ የመጣውን ሰው ጀልባዋ አትሸጥም ብለው መለሱት። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥተው ማታ ተሸክመው ቤታቸው ገቡ፤ እስከ ረፋድ ድረስም አልተነሱም።